ባቡር የሌለበት የባቡር ዳንስ

የእህቴ ልጅ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ዳንስ ትለማመዳለች። እነሱ ኮንቴምፖራሪ ባሌት ይሉታል። ግማሹ ከዩቲዩብ የቀሰሙት ባሌት ነው፣ ግማሹ የራሳቸው ፈጠራ። ቲቸራቸው አዲስ አበባ ተምራ የመጣች ወጣት ናት። ልምምዱ የሚጀመረው ወደ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ከዚያ በፊት ለምን እንደማይጀመር ለድሬ ሰው አይነገርም። እኔ የምሄደው ማታ ልጅቷን ይዤ ለመመለስ ነው። ጥግ ላይ ወንበር ስቤ ስልኬን እየነካካሁ እጠብቃለሁ። አንድ ምሽት ግን ስልኬን አስቀምጬ ያየሁት ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም።

ስለ ምድር ባቡር አንድ ሥራ እያዘጋጁ ነበር። ድሬ ላይ ሌላ ስለ ምን ሊሠሩ ነው? ከተማዋ ራሷ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው የተወለደች ናት። ልጆቹ ተሰልፈው አንዱ የሌላውን ትከሻ ይይዛል። ነፃ የቀረው ክንዳቸው ይሽከረከራል። ከፊት ያለው ያፏጫል። ጎበዞች ናቸው፤ እኩል ይነሣሉ፣ እኩል ያርፋሉ። ነገር ግን ሕይወት የለውም። የወላጆች ቀን ላይ የሕፃናት ትርኢት የማይ መሰለኝ። ለቲቸራቸውም የገባት ይመስለኛል። ሙዚቃውን ደጋግማ ታቆማለች፣ ግንባሯን ታሻለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

## ጉልበቱን የቆለፈ ይወድቃል

በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የአንዱ ልጅ አያት ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በድሮው ባቡር የጭነት ፉርጎ ላይ ነው፤ ፍሬን ሲይዙ፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ሲሻገሩ። ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ባቡር ነው አባባ» አለች የእህቴ ልጅ።

«አቦ ተይኝ! ባቡር እንዲህ ያደርጋል?»

ልጆቹ ሳቁ። ቲቸር አልሳቀችም። «እንዴት ነው ታዲያ አባባ? ያሳዩን» አለቻቸው።

ተነሡ። እኔ ደግሞ እሳቸውም ክንዳቸውን ሊያሽከረክሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላስመሰሉም። ከበሩ ተነሥተው እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ሄዱ፤ በቃ። አካሄዳቸው ግን ሌላ ነበር። ጉልበታቸው አንዴም አልተዘረጋም። እግራቸው ከመርገጡ በፊት ትንሽ ይዘገያል፤ ወለሉ ራሱ ወደ ላይ እስኪመጣ ይጠብቀዋል። ወገባቸው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ትከሻቸው ኋላ ይደርስበታል። እጃቸው ግማሽ ተከፍቶ ከጎናቸው ይንሳፈፋል፤ የሚይዘው ባይኖርም ለመያዝ የተሰናዳ እጅ ነው። እግራቸውን አያዩም፤ ዓይናቸው ሩቅ ነው። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቆመውም ግን ውስጣቸው ይሠራል፤ ቁርጭምጭሚታቸው፣ ወገባቸው፣ አንገታቸው በትንሽ በትንሹ እየተመካከሩ ነው።

«ባቡር ላይ ጉልበቱን የቆለፈ ሰው ይወድቃል» አሉ። ተመልሰው ተቀመጡ።

ቲቸር ሙዚቃውን አጠፋችው። «አንድ ጊዜ ይድገሙልን፤ እናንተ ደግሞ ከኋላቸው» አለች። ሁሉም ተከተሏቸው። መጀመሪያ ተንገዳገዱ፣ ተገፋፉ፣ ተሳሳቁ። ቀስ በቀስ ሳቁ ጠፋ። አሥር ምናምን ወጣት ጉልበቱን አላልቶ በማይታይ ፉርጎ ላይ ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ የአዳራሹ ወለል የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ፉጨት የለም፣ ጎማ የለም። ባቡሩ ግን መጥቷል።

ያን ማታ በባጃጅ ስንመለስ ስለዚያ ብቻ ነው ያሰብኩት። አንዱ ለምን ሞተ? ሌላው ለምን ተነሣ? ልጆቹ ከባቡሩ የወሰዱት መልኩን ነበር። ሽማግሌው ያሳዩት ደግሞ ያ ባቡር በስንት ዓመት ውስጥ የሰው ገላ ላይ የጻፈውን ነው። እንዲህ ብዬ ለእህቴ ልጅ ስነግራት «አጎቴ፣ አንተም ኮሪዮግራፈር ልትሆን ነው እንዴ?» አለችኝ። አልሆንኩም። ግን ትልልቆቹ ኮሪዮግራፈሮች፣ ዳንሱን የሚቀምሩት ሰዎች፣ ሐሳባቸውን ከየት እንደሚያመጡት ማንበብና ማየት ያዝኩ።

## ሰማያዊው ባቡርና ፈጣኑ ባቡር

መጀመሪያ የፈለግሁት ባቡር ነው፤ የድሬ ልጅ ነኛ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1924 ፓሪስ ላይ «ሰማያዊው ባቡር» የሚባል ባሌት ታየ። ኮሪዮግራፈሯ ብሮኒስላቫ ኒጂንስካ ናት። ልብሱን የሠራችው ኮኮ ሻኔል፣ ሙዚቃው የዳርዩስ ሚዮ፣ ታሪኩ የዣን ኮክቶ። ባቡሩ ሀብታሞችን ወደ ደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ የሚያመላልስ እውነተኛ ባቡር ነበር። መድረኩ ላይ ግን ባቡር የለም! ባሌቱን ያሳየው ቡድን መሪ ዲያጊሌቭ ራሱ በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በዚህ ቀልዷል። መድረኩ ላይ ያሉት ከባቡሩ የወረዱት ሰዎች ናቸው፤ ይዋኛሉ፣ ጎልፍ ይመታሉ፣ ቴኒስ ይጫወታሉ። የቴኒስ ተጫዋቿ መነሻ በጊዜው ዓለምን ያስደነቀችው ሱዛን ላንግለን ነበረች። ኒጂንስካ ከሁሉም የወሰደችው እነዚያ ሰዎች ገላቸውን እንዴት እንደሚይዙ ነው። ራኬት ያነሣ ክንድ፣ ለመጥለቅ የተዘጋጀ ወገብ።

ሁለተኛው የእኛ ዘመን ነው። በ1993 በሰሜን ፈረንሳይ የፓሪስና የሊል ፈጣን ባቡር መስመር ሲመረቅ ማይክል ናይማን የሚባል እንግሊዛዊ ለምርቃቱ ሙዚቃ ጻፈ። የጻፈውም ሳያቋርጥ የሚገሰግስ፣ ፍጥነቱን የሚቀያይር የኦርኬስትራ ሥራ ነው። በ2006 ክሪስቶፈር ዊልደን ያንን ሙዚቃ ለለንደኑ ሮያል ባሌት ወደ ዳንስ ቀየረው። ከኋላ የተጨማደደ ብረት የሚመስል ነገር ቆሟል። አራት ጥንዶች በየተራ ይመጣሉ፣ ከኋላቸው ብዙኃኑ ይፈሳል። ሴቶቹ በወንዶቹ እጅ ላይ ሆነው የሚንሸራተቱበት ቦታ አለ። ያን ሳይ የጥንቱ ባቡር መስኮት ትዝ አለኝ፤ አንተ ቁጭ ብለሃል፣ ዛፉ ነው የሚሄደው።

ሁለቱም ሥራዎች ውስጥ የሚያፏጭ ሰው የለም። ይሄን ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ በጣም ደስ አላቸው። አንዱ ልጅ ብቻ ፉጨቱ የእሱ ስለነበር ከፋው።

## ምንጩ የግድ ጥሩ አይደለም

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ስለ ሥሩ እስማማለሁ። ስለ ውሃው ግን እነዚህ የባሌት ሰዎች አጠራጠሩኝ። እነሱ ከደፈረሰም ይቀዳሉ።

ጆርጅ ባላንቺን በ1933 አሜሪካ ገብቶ በ1934 ገና ተማሪ ከሆኑ ልጆች ጋር «ሴሬናድ»ን ሲሠራ ምን እንዳደረገ እዩ። መጀመሪያ ቀን 17 ሴቶች መጡ። 17 ለመደርደር የማይመች ቁጥር ነው። እሱ ግን በ17 የሚሆን አሰላለፍ ሠራ። በሌላ ልምምድ አንዷ ዘግይታ መጣች፤ መዘግየቷን ዳንሱ ውስጥ ከተተው። አንዷ ወደቀች፤ መውደቋም ገባ። ዛሬ ያ ሥራ የአሜሪካ ባሌት መሠረት ተደርጎ ይታያል፤ እስካሁንም አንዲት ዳንሰኛ ዘግይታ ገብታ በሰልፉ መሐል ቦታዋን ትፈልጋለች። ለእኔ ከሁሉም የበለጠ የገረመኝ ይሄ ነው። ሰውየው መነሻ ሐሳብ ፍለጋ የትም አልሄደም። የቸገረውን ነገር ወሰደና ሥራ አደረገው።

ካናዳዊቷ ክሪስታል ፓይት ደግሞ ወደ ንብ ሄደች። በ2009 ለካናዳ ብሔራዊ ባሌት የሠራችው ሥራ መነሻው የንብ መንጋ ነው። የገረማት ነገር ማንም ሳያዝ መንጋው እንዴት አብሮ እንደሚወስን ነው። ከዚያ ዞር ብላ የባሌት ቡድንን አየች፤ እዚያ ደግሞ ደረጃ አለ፣ አለቃ አለ፣ ከኋላ ቆሞ የሚያጅብ አለ። ሥራው የሚነዝረው እነዚህ ሁለቱ ሲጋጩ ነው። በክንፍና በቢጫ ልብስ ማር ማር የሚል ነገር መሥራት ቀላል ነበር።

ሁሉም መነሻ ግን አይዝም። ዌይን ማክግሬገር፣ የሮያል ባሌት ቋሚ ኮሪዮግራፈር፣ በ2017 ለራሱ ቡድን የራሱን ጂኖም (ሙሉ የዘር መረጃውን) አስነብቦ ሥራ ሠርቷል። 23 ክፍሎች አሉት፤ የሚታዩበትን ቅደም ተከተል በየምሽቱ ኮምፒውተር ይመርጣል። ዳንሰኞቹ ያስደነግጣሉ። ሐሳቡ ግን ለእኔ ወረቀት ላይ ቀረ። ጂን ጉልበት አያላላም፣ ትከሻ አያዘገይም። የሽማግሌውን አካሄድ ካየሁ በኋላ መለኪያዬ ይሄ ሆኗል፤ ጠባብ መለኪያ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

## ኮቶቹ

ከእህቴ ልጅ ጋር የተጣላንበት ሥራ ደግሞ አለ። ያው የፓይት ነው፤ በ2017 ለሮያል ባሌት የሠራችው፣ ስለ ስደተኞች። ሙዚቃው ከጎሬትስኪ ሦስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያው ክፍል ነው። 36 ዳንሰኞች ኮት ለብሰው፣ ተጣብቀው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ፊታቸውን አዙረው ይጠብቃሉ። ይወዛወዛሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሣሉ፣ እንደገና ይጠብቃሉ። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ኮቱን እያወለቀ አንዲት ሴት ላይ ይቆልላል። እሷም ተሸክማ ትቆማለች።

እኔ መጀመሪያ ሳየው ተናደድኩ። ድሬ የምንኖር ሰዎች ይሄን መንገድ እናውቀዋለን። ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ የመንና ሳዑዲ የሚሄዱት ልጆች በዚህ በኩል ነው የሚያልፉት። መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ ቦርሳ ይዘው፣ ማንንም ላለማየት እየጣሩ ሲቀመጡ እናያቸዋለን። ይሄን ለንደን ላይ በቀይ ቬልቬት ወንበር ተቀምጦ ማጨብጨብ ምን ይሉታል? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው የሰው መከራም አያደምቅም አልኳት።

እሷ ሌላ ነገር አየች። «ፊታቸውን እየው» አለችኝ። «ማንም አያለቅስም። የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፣ መጠበቅ። የመናኸሪያዎቹ ልጆችም የሚያደርጉት እሱን ነው።»

መልሼ አየሁት። ልክ ናት። ፓይት ጀልባና ማዕበል አላመጣችም። ሰው ወረፋ ላይ ብዙ ሲቆም ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያዛውር፣ የሌላውን ትከሻ ሳይጠይቅ እንዴት እንደሚደገፍ፣ ቆሞ እንዴት እንደሚያንቀላፋ አጥንታለች። የወንበሩ ቬልቬት አሁንም ይከነክነኛል። መጨረሻ ላይ ጥንዶቹ ለብቻቸው ሲቀሩም ሥራው ይላላብኛል፤ ብዙዎቹ በአንድነት የነገሩኝን ሁለቱ ደግመው ያስረዱኛል። ስለ ኮቶቹ ግን ዝም ብያለሁ።

ከሰው የወሰድከውን ለማን ትሰጣለህ የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ አያልቅም። ኮሪዮግራፈሩ ይርዢ ኪሊያን በ1980 አውስትራሊያ ሄዶ ግሩት አይላንድ በምትባል ደሴት የአገሬውን ሕዝብ ጭፈራ አየ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚያ በመነሣት ለራሱ ዳንሰኞች ሥራ ሠራ። አሎንዞ ኪንግ ደግሞ በ2001 ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የባአካ ሙዚቀኞችንና ጨፋሪዎችን ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ አምጥቶ ከባሌት ዳንሰኞቹ ጋር አንድ መድረክ ላይ አቆማቸው። የኪንግን መንገድ እመርጣለሁ። ቲቸርም ሽማግሌውን መድረክ ላይ እንዲወጡ ለመነቻቸው። «በዚያ ሰዓት በርጫ ላይ ነኝ» አሏት።

## ሐረር ላይ

የባቡሩ ሥራ ታየ፣ ሰው ወደደው። ቀጥሎ ምን እንሥራ ሲባል የእህቴ ልጅ ሐረር አለች። ደንገጎን ወጥተን ጀጎል ገባን።

መጀመሪያ ያየነው ራምቦ ቤትን ነው። ቤቱ የተሰየመለት ፈረንሳዊው ገጣሚ ሬምቦ ሐረር የገባው በ1880 ነው፤ ቡናና ቆዳ ሊነግድ። ግጥሙን ትቶ ነው የመጣው፤ እዚህ እያለ አንድም አልጻፈም ይባላል። ከመምጣቱ በፊት የጻፋቸውን ግጥሞች እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ብሪተን ወደ ሙዚቃ ቀየራቸው። በ1950 ደግሞ ፍሬድሪክ አሽተን ከሙዚቃው ባሌት ሠራ፤ ለኒው ዮርክ ሲቲ ባሌት። ከዚያ ሥራ የገረመኝ የጫማው ነገር ነው። የሥጋ ፍቅርን የምትወክለው ዳንሰኛ አንድ እግሯ የባሌት ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። እስቲ እንደዚያ ሆናችሁ ተራመዱ። አንዱ እግር ጣት ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ሌላው መሬት ላይ ይቀራል፤ ወገብ ሳይወድ ይንቀሳቀሳል። አሽተን ስለ ሥጋና መንፈስ ንግግር አላደረገም፤ አንድ ጫማ አወለቀ።

ግን ሬምቦ ለእኛ ልጆች ብዙም የሚሆን አልመሰለኝም። በዚያ ባሌት ውስጥ የሐረር አንድ ድንጋይ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሐረር ያለችው ውጭ ነው፣ ግንቦቹ መሐል። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያልፍበት ጠባብ መንገድ ገባን፤ አስጎብኚዎች የተጣላ ሰው እዚህ ከተገናኘ ሳይታረቅ አያልፍም የሚሉበት ዓይነት። ከፊታችን ጭነት በራሷ ላይ የተሸከመች ሴት መጣች። እኛ ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። እሷ ደረቷን ወደ አንድ ጎን አዞረች፣ አንገቷ ግን ቀጥ እንዳለ ነው፤ ቀለሙ ለቅቆ ልብሳችን ላይ ሲቀር እሷ ግድግዳውን ሳትነካ አለፈች። የእህቴ ልጅ አፏን ከፍታ ቀረች።

እኔ ኮሪዮግራፈሩ ዊልያም ፎርሳይት ትዝ አለኝ። በ2000 የሠራው ሥራ ላይ 20 ጠረጴዛዎች መድረኩን ሞልተውታል። የሐሳቡ መነሻ ካፒቴን ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ያደረገው ጉዞ ነበር። በረዶ ግን አታዩም። የምታዩት ዳንሰኞች በጠረጴዛዎቹ መሐል፣ ከላይና ከታች ሲሽሎኮለኩ ነው። መተላለፊያው ስለጠበበ እያንዳንዱ ክንድ ከመዘርጋቱ በፊት ቦታ መፈለግ አለበት። የፎርሳይት ቡድን ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የነበረው ፍራንክፈርት ያለ አዳራሽ ደግሞ የድሮ የከተማ ባቡር ማደሪያ ነው። ይሄን ለቲቸር ስነግራት ዓይኗ ወደ ድሬው የባቡር ጥገና ግቢ ሄደ። ያን ቦታ ማን እንደሚፈቅድላት እንጃ።

ከዚያ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ወጣን። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፣ ሲንጀሮቹ ይንጫጫሉ። እዚህ ደግሞ የእህቴ ልጅ ነች ያስተማረችኝ። አክራም ካን በ2016 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ባሌት «ጂዜል»ን እንደ አዲስ ሲሠራ ገበሬዎቹን ወደ ልብስ ፋብሪካ ስደተኛ ሠራተኞች ቀይሯቸዋል። የጥንቱን ታሪክ በሰባራ ወገብና በደከመ እግር ነው ያደሰው። «ግን ስፌት መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ ምን እንደሚያደርግ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ቁጭ ብለን አየን። እግር ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት እያለ ፔዳሉን ይረግጣል። እጅ ጨርቁን በራሱ ፍጥነት ይገፋል። ከወገብ በላይና ከወገብ በታች የተለያየ ሥራ ይሠራሉ። ባሌትም ከጥንት ጀምሮ ልጆቹን የሚያሠቃየው ይሄንኑ ለማስለመድ ነው፤ እግር ይፈጥናል፣ ክንድ ይረጋጋል።

ስልኳን አውጥታ ቀረጻ ጀምራ ነበር። ተወችውና ወደ አንዱ ሰፊ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ አንዴ መኪናዎት ላይ ልቀመጥ?»

ሰውየው ከመነጽሩ በላይ አያት። «ልትሰፊ ነው ልትጫወቺ?»

«እግሬን ላስለምድ ነው።»

«አቦ፣ የድሬ ልጅ ናት» አለ ለጎረቤቱ። ተነሣላትና ቁራጭ ጨርቅ ሰጣት። «መርፌ ከሰበርሽ ግን ትከፍያለሽ።»

ሰበረች። የከፈልኩት እኔ ነኝ።